የሪራ ማርና የፋቅኩት ስም

ሮቤ ውስጥ፣ አንድ ኮፒ ቤት ጥግ ላይ ጠረጴዛ አለችኝ። አማርኛ ማስተማር ካቆምኩ ወዲህ ሥራዬ መጽሔትና ድረ ገጽ የመለሷቸውን ጽሑፎች ማቃናት ነው። ፍሪላንሰር ነን የሚሉ ሰዎች ጽፈው አዲስ አበባ ይልካሉ፤ "አልተቀበልነውም" ሲባሉ ፊታቸውን አጨፍግገው ወደ እኔ ይመጣሉ። የተወላገደ ዓረፍተ ነገር አስተካክላለሁ። ተራኪው አንዴ "እኔ" አንዴ "እሱ" እያለ ሲዘባርቅ አንዱን አስይዘዋለሁ።

ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ሥራው ያቅለሸልሸኛል። "ጀምበር ከተራሮቹ ጀርባ ብቅ ስትል" ብሎ የማይጀምር ጽሑፍ ደርሶኝ አያውቅም። ሳነቴ ተራራ ላይ በሚኒባስ መስኮት ቀይ ቀበሮ ለአፍታ ያየ ሰው "ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ነፍሳችን ተነጋገረች" ብሎ ይጽፋል። ሲመለስበት ደግሞ አዘጋጁን "ምቀኛ" ይለዋል። ምኑ እንደሚያስቀና እንጃ።

ከሁሉም ያስጠላኝ የጎባው ሰውዬ ነበር። ቢሮ ይሠራል፤ ጭቃም ሆነ አቧራ ጫማው ሁልጊዜ ያብለጨልጫል። ጫካ ውስጥ ስላለችው ስለ ሪራ ማር ቆራጮች የጻፈው ተመልሶበት ይዞልኝ መጣ። አዘጋጁ ከግርጌው "ለመሆኑ ተራኪው ማነው?" ብሎ ጽፎበታል። እውነቱን ነው። መጀመሪያ ላይ "ሽማግሌው ገመዱን ወገባቸው ላይ አስረው ዛፉን ወጡ" ይላል። ገጹን ስገልጥ ግን "እኔ ዛፉ ላይ ሆኜ ንቦቹን በጭስ ሳባርር፣ የቆመበት ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ታናሽ ወንድሜ ወድቆ ሞተ" ይላል። የሞተው ወንድም ስም እስከነአያቱ ተጽፏል።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሽማግሌው ሲያወሩ በስልኩ ቀድቷቸዋል። መጀመሪያውን በራሱ ቃል ጻፈ፤ ሲሰለቸው የሳቸውን ቃል እንዳለ ወደ አማርኛ ገለበጠው።

"ቲቸር፣ በቃ ሁሉንም 'እኔ' ያድርጉት" አለኝ። "አንባቢ የሚወደው እሱን ነው።"

"ዛፍ ወጥተህ ታውቃለህ?"

"ማን ያጣራል ብለው ነው?" ብሎ ሳቀ። ከቦርሳው በፕላስቲክ ዕቃ የተሞላ ማር አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። "ከሪራ ያመጣሁት ነው። ለእርስዎ ይሁን።"

አደረግኩት። ከምሳ በፊት ጨረስኩ። ሽማግሌውን ከዛፉ አውርጄ የጎባውን ሰውዬ ከነጫማው ሰቀልኩት። ያስቸገረኝ ወንድምየው ነበር፤ ሰውዬው ሪራ ውስጥ የሞተ ወንድም የለውማ። "አንድ የአካባቢው ነዋሪ ወደቀ" ብዬ አለፍኩትና ስሙን ፋቅኩት። ዓረፍተ ነገሩ ቀጥ ሲልልኝ ኮራሁ እንኳ። ማሩንም በዳቦ ጨረስኩት፤ ጣቴን እየላስኩ።

ጽሑፉ በመጽሔቱ ላይ ወጣ።

ከዚያ በአንድ የገበያ ቀን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አባቷን ይዛ ኮፒ ቤቱ ገባች። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ናቸው። "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ጽሑፉን አይተው ጎባ ድረስ ሄደው ሰውዬውን ጠይቀውታል፤ እሱ ደግሞ "እኔ በትክክል ጽፌው ነበር፣ ያበላሸው የሮቤው ቲቸር ነው" ብሏቸዋል። ይሄ ሰው ጸሐፊነት ባይሆንለትም ውሸት አያቅተውም።

ልጅቷ መጽሔቱን ዘርግታ ያን "ወደቀ" የሚለውን ቦታ እያነበበች በኦሮምኛ ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

"ኦቦሌሲ ኮ ኤሳ ጂራ?" አሉ። ወንድሜ የት አለ ማለታቸው ነው።

"አንድ የአካባቢው ነዋሪ" የሚለው ላይ ጣቴን አስቀመጥኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ባርሲሳ" አሉኝ፤ አስተማሪ ማለት ነው። "እኛ ዘንድ ቀፎ ጌታው ቢሞትም የጌታው ነው። የወንድሜ ቀፎ ዛሬም ዛፉ ላይ ነው። የምወጣው እኔ ነኝ፤ ማሩ ግን የልጆቹ ነው። አባታቸው ሲወድቅ ትንንሽ ነበሩ፣ አያውቁትም። ስሙ ወረቀት ላይ ወጥቶ ያንብቡት ብዬ ነው ለዚያ ሰው ያወራሁት። ከልጆቹም ማር ቀንሼ ሰጠሁት።"

የየቲሞችን ማር በልቼ የአባታቸውን ስም የፋቅኩ እኔ ነኝ፤ ስንቱን ጽሑፍ "ቆሻሻ" እያልኩ ስጸየፍ የኖርኩት እኔ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

መሳቢያዬን ከፍቼ የመጀመሪያውን ጽሑፍ፣ ያንን "እኔ"ና "እሳቸው" የተደባለቀበትን፣ ለልጅቷ ሰጠኋት። ወንድምየው የወደቀበትን ቦታ አገኘችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። ስሙ ሲጠራ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው "አላህ ይርሐመው" አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉትና ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "ለመጽሔቱ ማረሚያ እጽፋለሁ። ስሙን እስከነአያቱ በትክክል አስገባዋለሁ።" እስክሪብቶዬን አንስቼ ነበር።

እጃቸውን ዘርግተው እስክሪብቶውን ወደ ጠረጴዛው መለሱት። "ልጆቹ ይሄን ያነቡታል፣ ይበቃል" አሉ። "አንተ ግን ስሙን አትጻፈው።"

ስሙን እስከነአያቱ አስታውሰዋለሁ። እዚህም ያልጻፍኩት ስለከለከሉኝ ነው።