ዛፍ የሚያሸው መጋዜ

ይህ የሆነው አምና ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እኔ ልረሳው እችል ነበር፤ የመንደሩ ሰው ግን አላስረሳ አለኝ።

አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ነበርኩ። ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። አባዬ ይህን እያወቀ ጫግኒ አክስቴ ሱቅ ሄጄ ስኳር እየመዘንኩ እንድውል አሰበ። ሙቀቱ አንሶ፣ ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ! እኔ ደግሞ ዓይኔን የጣልኩት ሌላ ነገር ላይ ነበር።

ዳንግላ አንድ አናጺ ግቢ ውስጥ አሮጌ የሞተር መጋዝ አይቻለሁ። ዶሮ ታድርበታለች። በእኛ ሰፈር ዲከረንስ የምንለውን የከሰል ዛፍ ያልተከለ ሰው የለም፤ የሚቆርጠው ግን በመጥረቢያ ነው። ሞተር ያለው ሰው ሥራ አያጣም ብዬ ያጠራቀምኳትን ይዤ ሄድኩ።

"ይነሳል?" አልኩት አናጺውን።

"ድሮ ይነሳ ነበር" አለኝ። ቢያንስ አልዋሸም።

ጋሪ ላይ ጭኜው ወደ መናኸሪያ ስሄድ ባለጋሪው ዞር ብሎ "እናንተ ቤት ወንድ የለም እንዴ?" አለኝ።

"አለ፣ ተኝቷል" አልኩት። ከዚያ በኋላ ያወራው ከፈረሱ ጋር ብቻ ነው።

አባዬ መጋዙን ዞሮ ዞሮ አየው። "ክረምቱ ሳይገባ የእኛን ዲከረንስ ከቆረጠ እዚሁ ትሆኛለሽ። ካልቆረጠ እሱ ለቆራሊዮ፣ አንቺ ለጫግኒ" አለ።

ጀመርኩ። ከውስጡ የወጣው ላባ ትራስ ይሞላል። በነጭ ጋዝ አጠብኩት፣ ዝገቱን ፈተግኩ፣ ካርቡራተሩን ፈትቼ በቀጭን ሽቦ ጠረግኩ፣ እንጅባራ ወርጄ ካንዴላ ገዛሁ። ሰንሰለቱን አውልቄ ጥርሱን አንድ በአንድ በሞረድ ሳልኩት። ከዚያ መልሼ ገጠምኩና ገመዱን ሳብኩ፤ ሳብኩ፤ ክንዴ ሊገነጠል ሲል ጮኸ! ውሻችን አጥር ዘሎ ጠፋ። አባዬም "በቃ አጥፊው፣ ቤንዚን አትጨርሺ!" አለ፤ አጠፋሁ። እንጨት ላይ ሳልሞክረው ማለት ነው።

ወዲያው ወንፈል ጠራሁ። ወንፈል እንግዲህ ይታወቃል፤ ዛሬ ለእኔ የመጣ ሰው ነገ ሲጠራኝ እሄድለታለሁ። እኔ ግን አፌ አላርፍ ብሎ ቤት ለቤት እየዞርኩ "መጥረቢያ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ እንደ ስድብ ነው የምቆጥረው" አልኩ።

እውነትም ሰው ሁሉ ባዶ እጁን መጣ። ነጠላውን አጣፍቶ የመጣም ነበር። የእናቴን ንፍሮ በሉ፣ ጠላውን ጠጡ፣ ከዛፉ ስር ተደርድረው ቆሙ። ሞተሩን አስነሳሁ። አጨበጨቡልኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ግንዱ ላይ አሳረፍኩት።

ጭስ ወጣ። ፍቅፋቂ የለም። ብጫነው፣ ጎን ብቀይር፣ ቅርፊቱ እየጠቆረ ያብለጨልጫል እንጂ አይቆረጥም።

የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ፈንታሁን፣ ነገር የማያልፋቸው ሰው፣ "እሰይ! ዛፉ ወገቡን አሞት ኖሮ ልጄ ታሽልኛለች" አሉ። ሰው ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። ወደ አስፋልቱ ነው የሚያየው፤ በዓይኑ ሻንጣዬን ሲያስር ታየኝ።

ደሜ ፈላ። ሞተሩን አጠፋሁና "ደነዝ ነው እያሉኝ ነው? ይምጡ በጣትዎ ይንኩት!" አልኳቸው።

መጡ። በሰንሰለቱ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ጣታቸውን ከመጋዙ ጫፍ ወደ እኔ ሳብ አደረጉት። "የድመት ጀርባ ነው!" አሉ፤ ሰው እንደገና ሳቀ። እሳቸውም ሳቁን ወደዱትና ሊደግሙት ጣታቸውን ወደ ጫፉ መለሱት። ዘለሉ። በአውኝኛ የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም።

"ነከሰኝ! ዛፉን ምሮ እኔን!"

እኔ ደማቸውን ሳይሆን ጥርሱን ነው ያየሁት። ሰንሰለቱ ከላይ የሚሮጠው ወደ ጫፉ ነው፤ ጥርሱ የሚያየው ወደ እኔ። ያን ሁሉ ሞርጄ ሳበቃ ገልብጬ ነው የገጠምኩት!

እዚያው ቁጭ አልኩ፣ ሰንሰለቱን ፈታሁ፣ አዙሬ አሰርኩ። ገመዱን ስስበው የሚያጨበጭብ አልነበረም። ዛፉ ላይ ሳሳርፈው ግን ፍቅፋቂው ፊቴን ሞላው፤ ዛፉም ነጠላ የለበሰውን ሁሉ እያስሮጠ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ መሳቅ የእኔ ተራ ሆነ። እኔ እጥላለሁ፣ እነሱ በባዶ እጅ ይጎትታሉ። እስኪመሽ አልተቀመጡም። አባዬ ራሱ ጋቢውን ጥሎ ቅርንጫፍ ሲጎትት ዋለ።

ማታ ሊበተኑ ሲሉ "ወንፈሉን የምትመልሺው ከነሞተርሽ ነው" ተባልኩ። ይህን ሳይለኝ የሄደ የለም። አያ ፈንታሁንማ በጨርቅ የታሰረ ጣታቸውን አፍንጫዬ ስር ደቅነው "እኔ ጋ ሁለት ጊዜ ትመጫለሽ፤ አንዱ ለጉልበቴ፣ አንዱ ለዚህ" አሉኝ።

ይኸው ዓመት ሆነው፣ ዞሬ አልጨረስኩም። ጫግኒም አልሄድኩ፣ በርጩማ ላይም አልተቀመጥኩ፤ ደስ ብሎኛል። ሰንሰለት ባሰርኩ ቁጥር ግን መጀመሪያ ጥርሱን በጣት እዳብሳለሁ። በራሴ ጣት ነው፤ የአያ ፈንታሁን ጣት ውድ ነው።