በደቡብ በር የቀረችው እህት

ሺያንን የለቀቅሁት አመሻሽ ላይ ነው። ታክሲው ወደ ኤርፖርት ሊወስደኝ ዌይ የሚባለውን ወንዝ ሲሻገር ዞር ብዬ አየሁ፤ ዝናቡ አባርቶ ስለነበር በደቡብ በኩል የቺንሊንግ ተራሮች ጥርት ብለው ይታያሉ። ከደብረ ብርሃን ስወጣ እናቴ ስታለቅስ የእኔ ዐይን ደረቅ ነበር። ያለቀስኩት ከሰው አገር ስወጣ ነው። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና «ባልሽን ትተሽ ነው?» አለኝ። «ትምህርቴን ጨርሼ ነው» አልኩት። አላመነኝም።

ለምን እንዳለቀስኩ እንዲገባችሁ ስለ ከተማዋ ትንሽ ላውራችሁ። ሺያን የጥንት የቻይና ነገሥታት መናገሻ ናት። ሰሜኗ ወንዝ፣ ደቡቧ ተራራ፣ መሐሉ የስንዴ ሜዳ። አሮጌው ከተማ አራት ማዕዘን በሆነ ወፍራም ግንብ የታጠረ ነው፤ አናቱ ላይ ብስክሌት ይነዳበታል፣ ሥሩን ውኃ የሞላ ቦይ ይዞረዋል። በምዕራቡ በር ድሮ ግመሎች ሐር ጭነው ወደ ሩቅ አገር ይወጡ ነበር። ከምሥራቁ ራቅ ብሎ ከሸክላ የተሠሩት ወታደሮች፣ ከአፈር ሥር ተቆፍረው የወጡት፣ ተሰልፈው ቆመዋል። መሐል ላይ የደወሉ ግንብ፣ ወረድ ሲሉ የከበሮው፣ ከዚያ ጀርባ የሙስሊሞቹ ሰፈር። መስጊዳቸው ጉልላት የለውም፤ ጣሪያው እንደ ቻይና ቤተ መቅደስ ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ ነው። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ስለነበርኩ ግቢውን ስስል ነው የከረምኩት። እዚያ ሰፈር ምግብ ቤት ስትገቡ ደረቅ ቂጣ ይሰጧችኋል፤ ራሳችሁ በጣታችሁ ፈትፍታችሁ ስትመልሱላቸው የበግ መረቅ ያፈሱበታል። ትላልቅ አድርጎ የፈተፈተ ሰው ይታዘቡታል። እኔ ግን ደቃቅ አድርጌ ስለምፈተፍት የምግብ ቤቱ ባለቤት «ይቺ ልጅ የእኛው ናት» ትል ነበር።

ከዚያ ካናዳ፣ ቶሮንቶ። በሴንት ጄምስ ታውን አንድ ረጅም ሕንፃ ቤት ልከራይ ሄድኩ። ሱፐሩ፣ ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ሰውዬ፣ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ክሬዲት ሂስትሪ አለሽ?» የብድርና የዕዳ አከፋፈል ታሪኬን ማለቱ ነው።

«ገና መምጣቴ ነው።»

«ከየት?»

«ከሺያን። ቻይና ነው። በጣም ጥንታዊ ከተማ ነው።»

«እንግዲህ ሂስትሪሽ እዚያ ቀርቷል» አለኝ። «እዚህ አይሠራም።»

የጓደኛዬ ሶፋ ላይ ከርሜ፣ በጄራርድ መንገድ አንድ የቻይና ግሮሰሪ መስኮት ላይ በቻይንኛ የተጻፈ ማስታወቂያ አነበብኩ። የሚከራይ ክፍል። ኮል አደረግሁና በቻይንኛ አስረዳሁ። ያነሳችው ሴት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። በሩን ስትከፍትልኝ ደግሞ ቻይናዊት ስትጠብቅ እኔን አየች። ሊን ትባላለች፤ እዚሁ የተወለደች፣ የአርባ ዓመት ሴት። ማስታወቂያውን የጻፈላት ባለ ግሮሰሪው ነው። የምትኖረው ከሽማግሌ አባቷ ጋር ነው። አባቷ ከየት እንደመጡ ስጠይቃት ግድ ሳይሰጣት «ሺያን» አለች። አይታው አታውቅም።

አባቷን ዬዬ እላቸው ነበር፤ አያቴ እንደማለት ነው። በእርጅና የማስታወስ ችሎታቸው ተዳክሞ ነበር። ቀኑን ዝም ብለው ይውሉና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጫማቸውን አድርገው በሩ ላይ ይቆማሉ። «ደቡብ በር ሊዘጋ ነው። ታናሽ እህቴ እየጠበቀችኝ ነው» ይላሉ። ሊን መዋሸት አይሆንላትም። በተሰባበረ ቻይንኛ «ዳድ፣ አክስቴ ሞታለች» ትላቸዋለች። እሳቸውም ያን ጊዜ እንደተረዱ ሰው ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ። በማግሥቱ እንደገና ጫማ፣ እንደገና መርዶ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ፤ የማላውቃትን ሴት ለቅሶ በየቀኑ የምቀመጥ መሰለኝ።

አንድ ቀን በረዶው ሲወርድ ሊን ሥራ ቦታ ቆየች። ዬዬ ያለ ካፖርት በሩን ከፍተው ሊወጡ ሲሉ ደረስኩባቸው። ክንዳቸውን ብይዝ ገፈተሩኝ። ከማለቴ በፊት አላሰብኩበትም፤ «ገገ» አልኳቸው፤ በእነሱ ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ ማለት ነው። «ገገ፣ እኔው መጣሁ።»

ቆሙ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ፀሐዩ አጠቆረሽ» አሉኝ። «አጨዳ ላይ ነበርሽ?»

«አዎ።»

እጄን ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። የሚያወሩት በሺያን ሰው አነጋገር ነበር፤ እዚህ አገር ከመጣሁ ሰምቼው የማላውቀው። «እዚህ ጠብቂኝ፣ ቂጣ ገዝቼ እመጣለሁ አልኩሽ። ጣቢያው ጋ ስደርስ ሰው ሲገፋ ባቡሩ ውስጥ ገባሁ። መውረድ እችል ነበር። አልወረድኩም።» ከዚያ ድምፃቸው አነሰ። «እስከ መቼ ቆምሽ?»

ምን ልበል? ያች ልጅ እስከ መቼ እንደቆመች የሚያውቅ በሕይወት የለም። «በሩ እስኪዘጋ» አልኳቸው። «ከዚያ ጎረቤቶች ወሰዱኝ።»

«ራበሽ?»

«ሰጡኝ፤ በላሁ።»

«ይቅር ትይኛለሽ?»

ቀና ስል ሊን ካፖርቷ ላይ በረዶ እንዳለ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ፊቷን ሳይ ገባኝ፤ እኔ ከማስበው በላይ ቻይንኛ ይገባት ኖሯል። ዐይኔን ከእሷ ሳላነሳ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ገገ» አልኩ።

ዬዬ ከተኙ በኋላ ሊን ኪችን መጣች። «ይቅርታው ያንቺ አልነበረም» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«እኔን ሃምሳ ጊዜ አስለቅሶኛል። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አልነገረኝም።» ሩዝ በሁለት ሳህን አውጥታ አንዱን ወደ እኔ ገፋችው። አብረን በላን።

ዬዬ ከዚያ ወዲህ ጫማ አላደረጉም፤ ሊንንም እኔንም ብዙ አላናገሩም። በረዶው ሲቀልጥ አረፉ። እረፍት ሰጠኋቸው ወይስ የቀራቸውን አንድ ነገር ወሰድኩባቸው፣ እስካሁን አላውቅም። የማውቀው መጠበቁ ወደ እኔ መዛወሩን ነው። ጄራርድ ላይ በሐዲድ የሚሄደውን ስትሪትካር ስጠብቅ፣ ቀኑ ሲጨልም፣ በረዶው መሐል ያ የሺያን ግንብ ይታየኛል፤ ከሥሩ የቆመችው ልጅ ፊት የላትም። የሚመጣ ሰው እንዳለኝ ሁሉ ስትሪትካሩ ቢደርስም ሳልገባ የማሳልፈው ጊዜ አለ።

በበጋው ሊን የተቃጠለ አስከሬናቸውን አመድ ይዛ ሺያን ሄደች። አንድ ጠዋት ቡና እየጠጣሁ ሳለ ደወለች፤ እዚያ መምሸቱ ነው። ከጀርባዋ የመኪና ጥሩምባና የሰው ጫጫታ ይሰማኛል። «ሰናይት፣ ደቡብ በር ላይ ከቆምኩ ቆየሁ። ዘበኛው ይጠይቀኛል፤ በቻይንኛ መመለስ አቃተኝ፤ አንቺ አናግሪው» ብላ ስልኩን ሰጠችው።

«ሴትዮዋ ማንን ነው የምትጠብቀው? ልንዘጋ ነው» አለኝ፤ ያው የዬዬ አነጋገር።

«ትንሽ ይታገሷት» አልኩት። «ከሩቅ ነው የመጣችው።»

«እሺ፣ ትቁም።» ቀጥሎም «እርስዎም አነጋገርዎ የዚሁ አገር ሰው ነው። የት ሆነው ነው?» አለኝ።

በመስኮቱ ወደ ጄራርድ ተመለከትኩ።

«መንገድ ላይ ነኝ» አልኩት።