ከደወሉ በፊት ያለው ሥራ

አክስቴን የሥራ ባልደረቦቿ የሚጠሯት እትዬ እንፋሎት እያሉ ነው። የምትሠራው የሆቴል አንሶላ ተሰብስቦ በሚታጠብበትና በሚተኮስበት ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ ነው። መተኮሻዎቹ የሚሠሩት በእንፋሎት ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው ቀድሞ ገብቶ ውኃውን ማየት፣ ቦይለሩን መለኮስና እስኪሞቅ መጠበቅ አለበት። ያ አንድ ሰው አክስቴ ናት። ማንም አላዘዛትም። የሥራ ሰዓት የሚቆጠረው ግን እንፋሎቱ መጥቶ ደወሉ ከተደወለ በኋላ ነው።

እሷ ምን ገዷት! «ማንም ሳይጮህብኝ፣ ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲመጣ፣ አንሶላዬን በየሆቴሉ ስለይ ንግሥት ነኝ» ትላለች። እኔ ደግሞ እበሽቃለሁ። ንግሥት በነጻ ቦይለር ስትለኩስ ሰምቼ አላውቅም ስላት፣ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ከአልጋ የምትወርጂው እንኳ በልመና ነው» ትለኛለች። በዚህ በኩል እውነቷን ነው።

ሥራ አስኪያጁ ለስላሳ ሰው ነው። ቁጣ አያውቅም፤ ሲያመሰግን ከአፉ ማር ጠብ ይላል። ሠራተኛውን ሰብስቦ «እናታችንን እዩ!» ይላል፤ እሷም ያን ቀን መሬት አይበቃትም። እያደር ግን ሙገሳው ሌላ መልክ ያዘ። መጀመሪያ አንዷ ቀድማ መምጣት ጀመረች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ በኋላ ሁሉም። በደወሉ ሰዓት የመጣ ሰው እንዳረፈደ ይታይ ጀመር። መመሪያ አልወጣም፣ ማስታወቂያ አልተለጠፈም፤ ልማድ ሆኖ ቁጭ አለ። ልማድን ደግሞ ማን ዘንድ ይከሱታል?

አጣፊዋ ብቻ አልቻለችም። አጣፊዋ ከአክስቴ ጎን ቆማ የተተኮሰውን አንሶላ የምታጥፍ ወጣት እናት ናት። የሕፃናት ማቆያው በሩን የሚከፍተው ከደወሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ልጇን አስረክባ፣ ትንፋሿ እስኪቆረጥ ሮጣ የምትደርሰው ልክ ሲደወል ነው። አርፍዳ አታውቅም። እንዲያም ሆኖ ሥራ አስኪያጁ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጣት። «የሥራ ፍቅር የለሽም» አላት፤ «እናታችን በዚህ ዕድሜያቸው ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ፣ አንቺ በጉብዝናሽ ያቅትሻል?» ከዚህ በኋላ የሚቀራት መባረር ነው።

አክስቴ ከሥራ ስትወጣ እኛ ቤት ጎራ ብላ ይህን ነገረችን። «እኔ ምን አድርጌ ነው ስሜ የሚነሣው? ልጅቷን ምን በደልኳት?» እኔ አፌ አያርፍም፤ «በአንቺ እየለኩ ሊያባርሯት ነዋ!» አልኳት። ተቀይማኝ ሄደች።

አጣፊዋ አልቅሳ ዝም አላለችም። ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዳ አመለከተች፤ አንዲት ተቆጣጣሪም ላውንደሪው ድረስ መጣች። ሥራ አስኪያጁ ቅንጣት አልደነገጠም። አክስቴን ከመተኮሻው አስጠርቶ፣ «እናታችን፣ ቀድመው እንዲመጡ ያስገደደዎት ሰው አለ?» አላት። መልሱን አሳምሮ ያውቀዋል።

«የለም፤ ወድጄ ነው» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። አጣፊዋ ያጠፈችውን አንሶላ መልሳ ዘርግታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

ተቆጣጣሪዋ ግን አልጨረሰችም። «ከገቡ በኋላ ምን ያደርጋሉ፣ እናቴ?»

ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም። የአክስቴ ፊት በራ። ውኃውን እንደምታይ፣ ቦይለሩን እንደምትለኩስ፣ የመተኮሻውን ጨርቅ እንደምትወጥር፣ አንሶላውን እንደምትለይ፣ የተቀደደውን ለብቻ እንደምታስቀምጥ አንድ በአንድ ነገረቻት። መጀመሪያ በኩራት ነበር። እየቀጠለች ስትሄድ ድምጿ ቀነሰ፤ የምትናገረውን ራሷም መስማት ጀምራ ነበር።

«ወደው ነው እኮ የሚያደርጉት!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አዎ፣ ወድጄ ነው» አለች አክስቴ። «ግን ሥራ ነው። ስለወደድኩት ሥራነቱ ይቀራል እንዴ? ይቺን ልጅ ደግሞ በእኔ አይለኩብኝ። እኔ ጠዋት የማደርሰው ሕፃን የለኝም።»

ይህን ሁሉ ኋላ ራሷ ነገረችኝ። ኮራሁባት፤ ፊት ለፊትም ነገርኳት።

ማስጠንቀቂያው ተነሣ። ከደወሉ በፊት የሚሠራ ሥራ ሁሉ እንዲከፈልበት ታዘዘ። ሥራ አስኪያጁ ግን «ለመክፈል ከሆነስ» ብሎ ደወሉ ሳይደወል ማንም እንዳይገባ በሩን ቆለፈው። አሁን ቦይለሩ የሚለኮሰው ከደወሉ በኋላ ነው፤ ሠራተኛውም ቦይለሩ እስኪሞቅ ድረስ፣ ክፍያው እየታሰበለት፣ እያወራ ይጠብቃል። አጣፊዋ ሥራዋ ላይ አለች። አክስቴ ግን ያቺን ጸጥ ያለች ሰዓቷን አጣቻት፤ አዝናለች፣ አልዋሽም።

በሩ የተቆለፈ ሰሞን አክስቴ ቤት አድሬ ነበር። እንደ ልማዷ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣች፤ ለበሰች፤ የምትሄድበት አልነበራትምና ጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ አለች። ጡረታ የወጣው ሹፌር ባሏ ሻዩን ሊያፈላ ሲነሣ አይቷት ደነገጠ።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ብሄድም በሩ ዝግ ነው።»

ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ ሻዩን አፈላ። ለራሱ ቀዳ፤ ሌላ ብርጭቆ ፈልጎ ለእሷም ቀዳላት። ከዚያ የስኳሩን ማንኪያ አንሥቶ ግራ ገብቶት ቆመ። አብረው ልጆች ወልደው፣ አሳድገው፣ ድረዋል፤ እሱ ሲነሣ እሷ ወጥታ ስለምትገኝ ግን ሻይ ቀድቶላት አያውቅም።

«ስኳር ስንት ላድርግልሽ?» አላት።

አክስቴ ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች። እሱም ማንኪያውን እንደያዘ ቆሞ ጠበቃት።