ገደል መሃል ተንጠልጥዬ

አስጎብኚ ነኝ፤ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ግን ያልሞከርኩት ሥራ የለም። በቀደም ከላሊበላ በላይ የምትኖረው አክስቴ ያለቻት አንዲት ፍየል ገደል ወርዳ መውጣት አቃታት። ፈረንጆች ለተራራ ሲታጠቁ አይቻለሁና የጭነት መኪና ማሰሪያ ቀበቶ ወገቤና ጭኖቼ ላይ ጠምጥሜ ቋጠርኩ። ገመድ አሰርኩበትና ሦስት ጎረቤቶቿ ከላይ ሆነው ያወርዱኝ ጀመር።

ግማሽ ስደርስ ቀበቶው ብሽሽቴን ሊሰነጥቀው ደረሰ፤ እግሬም ደነዘዘ። ሥራ ማጣቴ ሳያንስ ለፍየል ልሞት ነው አልኩ።

«ኧረ በቅዱስ ላሊበላ! ጎትቱኝ!»

ገመዱ ጭራሽ ቆመ። ከላይ «ይባርኩኝ አባ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የመንደሩ ቄስ መጥተዋል ማለት ነው። እጃቸው በእርጅና ስለሚንቀጠቀጥ ጠዋት ስሳለም መስቀሉ አፍንጫዬን መትቶኝ ነበር። እኛ አገር ደግሞ ቄስ አይቶ ሳይሳለም የሚያልፍ የለም። አንዱ ገመዱን ለቆ ተሳለመ። ሁለተኛውም ተከተለው። ሦስተኛው ግን የእኔ ነገር አሳስቦት «ሰው ይዣለሁ አባ» አለ።

«ና ተሳለም ልጄ» አሉት፤ «ገመዱን እኔ እይዝልሃለሁ።»

ወዲያው ገመዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።