ከግራ ክንዴ ወይስ ከቀኙ

ባለፈው ቅዳሜ ቢቸና ጢሜን ስላጭ፣ አዲሱ ፀጉር አስተካካይ ምላጩን አቁሞ ጉንጬን ዳበስ አደረገና «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ጢም ለምን አልበቀለም?» አለኝ። «የክንዴ ቆዳ ስለሆነ ነው» አልሁት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ልጅ ሳለሁ በሽታ ጉንጬን በልቶ ቀዳዳ ትቶብኝ ነበር። የጎረስሁት በዚያ ስለሚወጣ ሰው ፊት አልበላም ነበር፤ ፊቴንም በጋቢ እሸፍን ነበር። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀዶ ሐኪም ሞጣ ላይ እንደኔ ያሉትን እያየ ነው ተባለና ከአባቴ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርን። ጥር ነበር፤ አቧራው አይጣል። ደብረ ወርቅ ላይ ሰዉ የሽምብራ እሸት እየገዛ ሲበላ እኔ መቀመጫዬ ላይ እቁነጠነጣለሁ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ግራኝ ልጅ ያሳፍራቸው ስለነበር በልጅነቴ ግራ እጄን በመቀነት አስረው በቀኝ አስጻፉኝ፤ የተውሁትም መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ሆኜ፣ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ስሆን መቀሱን የምይዘው በግራ ነበር።

«ከክንድህ ቆዳ ከነደም ሥሩ አንስተን ጉንጭህን እንደፍናለን» አለ ሐኪሙ። «እጅህ እንደ ድሮው ላይሆን ስለሚችል ከማትሠራበት ነው የምንወስደው። የምትሠራው በየትኛው ነው?»

አባቴ ቀደሙኝ። «በቀኙ ነው ዶክተር። ልጄ ግራኝ አይደለም።»

ሐኪሙ የግራ እጄን አንጓ በሁለት ጣቱ ተጭኖ «ጨብጥ፤ ልቀቅ» አለኝ። መዳፌ ነጣ፤ አንዱን ጣቱን ሲያነሳ ወዲያው ቀላ። «በጣም ጥሩ! አንዱን ደም ሥር ብንወስድ ሌላው ለእጅህ ይበቃል» ብሎ ክንዴ ላይ በእስክሪብቶ አራት ማዕዘን ሣለ።

ውጭ አባቴ ደስ ብሏቸው ጥላ ሥር ተቀመጡ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ወዲያ ወዲህ አልሁ፤ መስመሩን በምራቄ አሸሁት፣ አልለቅ አለ። ዝም ብል እጄን ላጣ፣ ብናገር አባቴን ላዋርድ ነው። በመጨረሻ ተመልሼ ገባሁ፤ እሳቸውም ተከተሉኝ።

«ዶክተር፣ ግራኝ ነኝ።»

ድምፄ በቀዳዳው እየወጣ ስላልተሰማ፣ አባቴ አጠገብ ቆመው ደግሜ መናገር ነበረብኝ።

ሐኪሙ አሁን ቀኜን ተጫነ። ነጣ፤ ቶሎ አልቀላ አለ። አባቴ ጎንበስ ብለው መዳፌን ያያሉ። ቀስ እያለ ቀላ። «ይሆናል» አለ ሐኪሙ።

ከቀኙ እንዲወሰድ ቀን ተቀጥሮልን ስንመለስ አባቴ ደብረ ወርቅ ላይ እሸት ገዝተው ይፈለፍሉ ጀመር። እፍኝ ሲሞላ «እንካ» አሉኝ። ቀኜን ዘረጋሁ።

«በዚያኛው» አሉ።

አሁን ካረፉ ቆዩ። ስላዋረድኋቸው ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም እጄን ስላሰሩት ምንም አላሉኝም። ቅዳሜ ዕለት ፀጉር አስተካካዩ መስታወት ሲሰጠኝ በግራዬ ተቀበልሁት። ነገሩ በዚያች እፍኝ ሽምብራ ያለቀ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ግን አይመስለኝም።