ጅራፍ ይዘው የመጡት ወፍ ተመልካቾች

እስካሁን ድንጋጤው አልለቀቀኝም! የምጽፈው ስለ ሰዓዲያ ነው፤ ደብረ ታቦር ገበያው ዳር የተማሪ ዩኒፎርም ስለምትሰፋዋ ሰዓዲያ።

መምህር ደረጄ የሚባል የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ከደቡብ መጥቶ እዚህ ሲሠራ፣ በየወሩ ሰው ሰብስቦ በእግር ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ጋፋት እየወሰደ ወፍ ያሳይ ነበር። ሰዓዲያ ሱሪውን ልታሳጥርለት ለካችው፤ ስለ ወፍ ሲያወራላት ዋለና በወሩ ተከተለችው። በቃ፣ በዚያው ወፍ ወዳድ ሆና ቀረች። ወደ አገሩ ሲዛወር፣ ያንን ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር አንገቷ ላይ አጥልቆላት ሄደ። ከዚያ ወዲህ መሪያችን እሷ ሆነች።

እሷ ዘንድ ጀማሪ፣ አዋቂ ብሎ ነገር የለም። እኔ ራሴ ጸጉሬ እስኪሸብት ከርግብና ከቁራ በቀር ያለውን ሁሉ «ወፍ» ብዬ የማልፍ ነበርኩ። አሁን ጋጋኖን ሳላየው በጩኸቱ እለየዋለሁ፤ ጉድ በሉ!

ሰው ግን እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ እሷ፣ ባሏ ሙሄና እኔ ቀረን። ሙሄም ቢሆን የሚመጣው ዳቦ ሊሸከም ነው።

«አለምወርቅ፣ በዚህ ወር ሰው ካልመጣ መነጽሩን ሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ» አለችኝ ባለፈው ጥቅምት። «ለራሴማ ከሱቄ ደጅም አያለሁ። እኔን ደስ የሚለኝ የሰው ፊት ሲበራ ነው።» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር ብላ ለፋፊውን ካሳውን ለመነችው፤ ወፍ የማየት ጉዞ፣ ለማንኛውም ሰው፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጋፋት።

እሁድ ስንደርስ ሜዳው ሰው በሰው ሆኗል! «ያ አላህ!» ብላ እጄን ጭብጥ አደረገችኝ። ቀረብ ስንል ወንጭፍ አየሁ። ቀጥሎ ጅራፍ። አንዷማ ቆርቆሮ ከነመደብደቢያው ይዛለች።

«ካሳው! ምን ብለህ ነው የለፈፍከው?» አለችው ሰዓዲያ።

«ያልሽኝን ነዋ! ወፍ ለማየት ብል ማን ይመጣል ብዬ ትንሽ አሳመርኩት። የወፍ ጥበቃ አልኩ።»

ወይ ጣጣ! እኛ አገር የወፍ ጥበቃ ማለት የደረሰ እህልን ከወፍ መጠበቅ ነው። ሰዉ ደቦ የተጠራ መስሎት ነው የመጣው!

«በሰንበት ምን ጥበቃ ነው ብለን ነበር» አሉ ሜዳው ዳር ያለው የገብስ ማሳ ባለቤት አያ ይሻው፣ «ግን ወፍ መቼ ሰንበት ያከብራል!»

«አያ ይሻው፣ ቆይ ይስሙኝ፣ እኛ የመጣነው...»

ማን ሊሰማት! ጅራፋቸውን አዙረው አጮሁት። ጧ! ወንጭፉ ተከተለ፤ ቆርቆሮው ተቀጠቀጠ። በሜዳው ያለ ወፍ ሁሉ አንዴ ብድግ! ሰማዩ ለአፍታ ጠቆረ፤ ከዚያ ባዶውን ቀረ። ሙሄ ዳቦውን ጣለው። 

«በቃ» አለች ሰዓዲያ ቀስ ብላ። መነጽሩን ከአንገቷ አወለቀች።

ይሄኔ አያ ይሻው «በስመ አብ!» ብለው አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ደረቁ። እግራቸው ሥር፣ ሣሩ ውስጥ፣ አንዲት ቆቅ መሬት ላይ ተለጥፋለች። ዓይኗ ይቁለጨለጫል እንጂ ንቅንቅ አትልም።

«ደንቆሮ ናት እንዴ ይቺ? አናቷ ላይ እኮ ነው ያጮህኩት!»

«እንቁላሏን ታቅፋ ነው፣ አያ። ትሞታለች እንጂ አትነሳም።» አለች ሰዓዲያ። «እግርዎን ወደ ኋላ ይመልሱት፣ በቀስታ።»

«የት ላሳርፈው? የገዛ እግሬን ፈራሁት!»

ያ ሁሉ ሰው ሳቁን በነጠላው አፈነ። ሰዓዲያ ሁሉንም በእጇ ምልክት ወደ ኋላ አራቀችና መነጽሩን ለአያ ይሻው ሰጠቻቸው። ገና ዓይናቸው ላይ ሲያደርጉት ዘለሉ።

«ወይኔ! አፍንጫዬ ላይ መጣች!»

«ይያዟታ!» አለች ባለ ቆርቆሮዋ።

መነጽሩ ከእጅ እጅ ዞረ። ያየ ሁሉ አፉን ይዞ ይቀራል። ለፋፊው ካሳው እንኳን «ተራዬ!» የሚለው በሹክሹክታ ነው! መጨረሻ ላይ አያ ይሻው ነጥቀው ወሰዱት።

«መቼ ነው የምትፈለፍለው?»

«ከሁለት ሦስት ሳምንት አያልፍም።»

«አንቺ የምትመጪው በወሩ! እስከዚያ ይሄን ሁሉ ባለ ወንጭፍ እኔ ብቻዬን እንዴት አድርጌ ልመልሰው? በይ የፊታችን እሁድ ነይ። ከዚያም የሚቀጥለውን።»

«እኛም እንመጣለን!» አለ ሰዉ።

«በየሳምንቱ?» አለች ሰዓዲያ ደንግጣ። «ዩኒፎርሙንስ ማን ይስፋልኝ?»

አያ ይሻው መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያነሱ «ሙሄ ይስፋ» አሉ።

«እኔ?» አለ ሙሄ ዳቦውን እያራገፈ። እሷ ግን የፊታችን እሁድ በስንት ሰዓት እንደምንገናኝ ለሰዉ መናገር ጀምራ ነበር።