በእኔ ካርድ የወጣ መዝገብ

ፍርድ ቤት የገባሁ ቀን የተሰጠኝ ሥራ መስፋት ነበር። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ይስማው ወፍራም መርፌ፣ ሲባጎና መብሻ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «የተማርሽውን ለጊዜው ተዪውና ይህን ስፊ» አሉኝ። አቤቱታውን፣ መጥሪያውን፣ የምስክር ቃሉን በቀኑ ደርድሬ እየበሳሁ ሰፋሁ። እስከ ምሳ ሁለት ጣቴን ወጋሁ። እርሳቸው ቀና ብለው አላዩኝም። በኋላም ቢሆን ሰው የሚያዩት ጥፋት ሲፈልጉ ብቻ ነበር።

የካርዱን ደንብ ያሳየችኝ እናኑ ናት። ከመደርደሪያ መዝገብ ያወጣ ሠራተኛ በባዶው ቦታ ስሙ ያለበትን ካርድ ፈርሞ ያስገባል። መዝገቡ እስኪመለስ ተጠያቂው ባለካርዱ ነው። ለእያንዳንዳችን አሥር አሥር ካርድ ነበረን።

እናኑ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ ኮሶበር የተቀጠረች፣ ሳቋ እስከ ችሎት የሚሰማ ሴት ነበረች። እኔ አፌን የፈታሁበትን አዊኛ አትችልም። ከገጠር ባለጉዳይ ሲመጣ፣ «የሺ፣ ዘመዶችሽ መጡልሽ!» ብላ ትጠራኛለች። ክፍሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ቀልዱን ግን አልወደድኩትም፤ አልነገርኳትምም። ካርዷ ሲያልቅባት ከእኔ ትወስድ ነበር።

አንድ ቀን ይግባኝ የተጠየቀበት የመሬት ክርክር መዝገብ ጠፋ። አቶ ይስማው ከክፍተቱ ካርድ መዘዙ፤ የእኔ ነው።

«መዝገቡ የት አለ?»

«አላወጣሁትም፣ ጌታዬ።»

«ካርዱ በእግሩ ሄዶ ገባ?»

እናኑ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰፋለች። ከሁለት ቀን በፊት መዝገቡን ለምታውቀው ሰው ልታስገለብጥ በዘንቢሏ ይዛ ስትወጣ በዓይኔ አይቻታለሁ። ራሷ ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። አንገቷን እንደደፋች መርፌዋን ወደ ላይ ሳበች፣ ደግሞ ወጋች።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና ወደ ዳንግላ ዝውውር ደረሰኝ። እናቴ ኮሶበር አቅራቢያ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ብቻዋን ነበረች፣ ያውም ታማ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እመጣና ከመንገዱ ወርጄ በእግሬ እገባ ነበር። ያረፈችው ማክሰኞ ነው። እኔ ዳንግላ ለችሎት ስም እየጠራሁ ነበር።

ዳንግላ የዕርቅ ስምምነት መጻፍ ለእኔ ተሰጠ። ተከራካሪዎች ከሽማግሌዎቻቸው ጋር ይመጣሉ፤ እኔ እጽፋለሁ፣ ይፈርማሉ፣ ዳኛው ያጸድቃሉ። የተለመደው አጻጻፍ «በመካከላችን በተፈጠረው አለመግባባት» ይላል። አለመግባባቱን ማን እንደፈጠረው አይናገርም። እንደ ዝናብ ከላይ የወረደ ይመስላል።

አንድ ባልና ሚስት እንዲህ ፈርመው ሄዱ፤ በሦስተኛው ወር ተመልሰው መጡ። በሁለተኛው ጊዜ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና ባልየውን፣ «ምን አድርገህ ነው?» አልኩት።

«ያው አለመግባባት ነው፣ እቴቴ።»

«እሱን ባለፈው ጽፌዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ሚስቱ ግን፣ «ይናገር! ይጻፍ!» አለች። ሰውየው ወለሉን እያየ፣ ጠላ ቤት በሰው ፊት «ልጁ የእኔ አይደለም» ማለቱን ተናገረ። እንዳለው ጻፍኩት። ሴትዮዋ አልቅሳ ፈረመች። ከዚያ ወዲያ አልመጡም። ይዋደዱ ወይም ይለያዩ አላውቅም፤ መዝገቡ ግን ዳግም አልተከፈተም።

ዳኛው አንብበው፣ «ወይዘሮ የሺ፣ ይህ ስምምነት ነው ኑዛዜ?» አሉኝ።

«ፈራሚው ምን እንደፈረመ ይወቅ ብዬ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

አጸደቁት። ጡረታ እስክወጣ እንዲሁ ጻፍኩ። በዳይ ሁሉ አፉን ሞልቶ ካልተናገረ ብዕሬ አይነሣም ነበር።

ጡረታ ወጥቼ ኮሶበር ተመለስኩ፣ በማርያም ጽዋ ማኅበርም ገባሁ። ለካ እናኑ አባል ናት። ሁለት ዓመት በአንድ ጽዋ እየጠጣን አንድ ቀን ሰላም አልተባባልንም። ባለፈው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የማኅበሩ አባት መምሬ አስረስ ሁለታችንን ቤታቸው ጠሩን።

«ተኳርፎ ጽዋ የለም። ወይ ታረቁ፣ ወይ አንዳችሁ ማኅበሩን ልቀቁ።»

የምሄድበት ሌላ ማኅበር የለኝም። ብሞት የሚያለቅሱልኝ እነዚያ ሴቶች ናቸው። እግሬ ግን መቀመጥ እንቢ አለኝ፤ ሁለቴ ተነሣሁ፣ ሁለቴ ጎትተው አስቀመጡኝ።

እናኑ ጀመረች። «እንግዲህ በመካከላችን ለተፈጠረው ነገር ሁሉ…»

«ማን ነው የፈጠረው?» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ቤቴን ችሎት አደረግሽው?» አሉ መምሬ። ስልሳ አልፎኛል።

«ትናገር፣ አባ። ካልተናገረች ጽዋውን እለቃለሁ።»

እናኑ ነጠላዋን ጠቀለለች፣ ፈታች። «መዝገቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የጠፋውም በእኔ እጅ ነው። እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ እርሷ ተቀጣችበት። እናቷ ስታርፍ ለለቅሶ እንኳ ፊቷን ማየት ፈራሁ።»

ይህን ለመስማት የኖርኩ ይመስለኝ ነበር። እርሷ ግን አልጨረሰችም።

«ካርዱን ቀድመሽ ፈርመሽ መሳቢያዬ ውስጥ የምታስቀምጪው ግን አንቺ ነሽ፣ የሺ። ጠዋት ስታረፍጂ በሰዓት ፊርማው ላይ ስለምፈርምልሽ። የእኔን ብታወጪ የአንቺም ይወጣ ነበር። ዝም ያልሽው ለዚያ ነው። እኔ ብቻ ነኝ ዝም ያልኩት?»

መምሬ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው?»

ፊቴ ነደደ። እውነት ነበር። ለእናቴም አልነገርኳትም፤ እዚህም ላልጽፈው ነበር።

«እውነት ነው» አልኩ። ከዚያ እርሷም እኔም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባልን። ልቤ አላረፈም። ዛሬም ስልክ ስትደውል አንዳንዴ አነሣለሁ፣ አንዳንዴ ኔትወርክ ነው እላለሁ። ማኅበሩ ላይ ግን አጠገቤ ትቀመጣለች፣ እኔም አልነሣም።

ዕርቅ ለምትጽፉ የሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። የበዳዩን ጥፋት ሳትሸፋፍኑ ጻፉ። ቀጥሎ ተበዳዩን «አንተስ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በዳንግላ ዘመኔ ሁሉ ይህን ሁለተኛውን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።